ቁምስና ሲዘጋ የሚዘጋው ምንድን ነው? ከጎንደርና ከቁስቋም ታሪክ የሚገኝ መልስ



የዛሬው ንግግር ርእስ ለጎንደር እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። «ቁምስና» በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ዘንድ የሚሠራበት ቃል ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ አንድ ቆሞስ የሚመራው፣ የታወቀ ምእመን ያለው የቤተ ክርስቲያን አካል ማለት ነው። እንዲህ ያለው አካል ምእመኑ ሲያንስ፣ ካህኑ ሲታጣ ወይም ገቢው ሲነጥፍ «ይዘጋ ወይስ ይቆይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣበታል። ይህ ጥያቄ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዛሬ የዘወትር ጥያቄ ሆኗል። በአገራችንም፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከጠቅላላው ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ብቻ በመሆናቸው፣ ለማንኛውም አነስተኛ ቁምስና የነገው ዕጣ የማይቀር ሐሳብ ነው።

ጥያቄውን ከጎንደር ሆኖ መመርመር ጥቅም አለው። ከጣና ዳርቻ እስከ ቁስቋም ኮረብታ ባለው መሬት ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተሠርተዋል፣ ተዘግተዋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል፣ ተቃጥለዋል፣ እንደገናም ተተክለዋል። ላስረዳው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአንድን ደብር ወይም ቁምስና ዕድሜ የሚወስነው ሕንጻው ሳይሆን፣ አገልግሎቱን ከራሱ ከቦታው ሰው የሚተካ ማኅበር መኖሩና ማኅበሩም ከአንድ ደጋፊ ውጭ መቆም መቻሉ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ዓይነት መዘጋት

አስቀድመን ቃሉን እንለየው። በተለምዶ «ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። የመጀመሪያው የሕንጻው መዘጋት ነው፤ በሩ ይቆለፋል፣ ቅዳሴው ይቋረጣል። ሁለተኛው የሕጋዊው አካል መፍረስ ነው፤ ቁምስናው በስሙ የሚታወቅ አካል መሆኑ ይቀራል፣ ንብረቱና ኃላፊነቱ ወደ ሌላ ይተላለፋል። ሦስተኛው የማኅበሩ መበተን ነው፤ አብረው የሚያስቀድሱ፣ ሙታናቸውን አብረው የሚቀብሩ፣ ልጆቻቸውን አብረው የሚያስተምሩ ሰዎች አብረው መሆናቸው ይቀራል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለያይቶ ያያቸዋል። በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ በቁጥር 515 ቁምስናን የማቋቋም፣ የመለወጥና የማፍረስ ሥልጣን የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ጳጳሱ ግን የካህናቱን ምክር ቤት ሳይሰማ ይህን ማድረግ አይችልም። ሕንጻውን ከአምልኮ አውጥቶ ለሌላ አገልግሎት ማዋል በሌላ ቁጥር፣ በ1222፣ የሚታይ የተለየ ውሳኔ ነው፤ ለዚያም ከባድ ምክንያት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁምስናው ፈርሶ ሕንጻው ለጸሎት ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የግእዝ ሥርዓት የሚከተለው ክፍል የሚመራው በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ሕግ ነው፤ እርሱም በቁጥር 280 እና በቁጥር 873 ተመሳሳይ ልዩነት ያደርጋል።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ለታሪክ ተማሪ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ድንጋጌ አለ። በላቲኑ ሕግ ቁጥር 120 መሠረት የቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ አካል በባሕርዩ ዘላቂ ነው፤ የሚጠፋው ሥልጣን ያለው አካል ሲያፈርሰው ወይም ለ100 ዓመታት ያለ ምንም እንቅስቃሴ ሲቀር ነው። ሕጉ የአንድን ማኅበር ዝምታ እንደ ሞት ለመቍጠር አንድ ሙሉ ምዕተ ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው። ሦስተኛውን መዘጋት፣ የማኅበሩን መበተን፣ ግን ማንም በአዋጅ ሊፈጽመው ወይም ሊከለክለው አይችልም። የጎንደር ታሪክ የሚያስተምረን በዋናነት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

በአንድ ንጉሥ ላይ የቆመው

በአካባቢያችን የመጀመሪያው ታላቅ የካቶሊክ መዘጋት የደረሰው ከጎንደር ከተማ መቆርቆር ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትም ከፍ ያለ ተሰሚነት አገኘ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ዐረፈ። በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው ፖርቱጋላዊው አፎንሶ ሜንዴዝ በተከታዩ ዓመት የንጉሡንና የመኳንንቱን መሐላ ለሮም ተቀበለ። በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ በኖራና በድንጋይ ያማሩ ሕንጻዎች ተሠሩ። የጎርጎራው ማርያም ግምብ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ይታያል፤ በማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ በቪክቶር ፈርናንዴዝ የተመራ የአርኪዮሎጂ ቡድን የእነዚህን ቦታዎች ጥናት በ2017 በመጽሐፍ አሳትሟል።

ከውጭ ሲታይ ይህ ሁሉ ጽኑ ነበር። ንጉሡ ከጎኑ ነበር፤ መሬት፣ ግንበኛና ገንዘብ አልጎደለም። ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓላቱ በሮም አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዘ። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ያለውን ነገር ልብ እንበል። ዳግመኛ ክህነት የተጠየቀው ካህን እስከዚያ ቀን የሠራው ሁሉ እንዳልነበረ ተቈጠረበት፤ ዳግመኛ የተጠመቀው ገበሬም የአባቶቹ ጥምቀት ተካደበት። አዲሱ ሥርዓት ከነባሩ ማኅበር ላይ እንደመብቀል ነባሩን ማኅበር ከሥሩ ነቅሎ ለመተካት ሞከረ። ዐመፅ ተከተለ። በ1632 ከላስታ ዐማፅያን ጋር ከተደረገው ደም አፋሳሽ ጦርነት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀው በዚያው ዓመት ዐረፉ። ኢየሱሳውያኑ መጀመሪያ በዐድዋ አጠገብ ወዳለው ፍሬምና ተላኩ፤ በ1634 ደግሞ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከቀሩትም መካከል ጳጳሱ አፖሊናር ደ አልሜዳ በ1638 ተገደለ።

ሠላሳ ዓመት የተገነባው ሥራ በሁለት ዓመት ተዘጋ። አንድም ግምብ ሳይፈርስ የተዘጋ መሆኑ ዋናው ቁም ነገር ነው። ምሰሶው አንድ ነበር፤ እርሱም ንጉሡ ነው። ምሰሶው ሲነሣ ቦታውን የሚይዝ ከአገሬው የወጣ በቂ ካህን፣ ወጪውን የሚሸፍን አጥቢያ፣ ሥርዓቱን እንደ ራሱ የሚቈጥር ሕዝብ አልነበረም።

አዘዞ፦ ሕንጻ ቆይቶ ማኅበር ሲለወጥ

ከዚያ በኋላ ለሕንጻዎቹ ምን ሆነላቸው? አዘዞ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ የነበረው ገነተ ኢየሱስ በሱስንዮስ ዘመን ከቤተ መንግሥቱና ከአትክልት ቦታው ጋር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ንጉሡም የተቀበሩት በዚያው ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን ቦታው ወደ ደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ወደ እጨጌው እጅ ተላለፈ፤ ዛሬም አዘዞ ተክለ ሃይማኖት በመባል ይታወቃል። ለካቶሊካዊው ማኅበር አዘዞ ተዘጋ፤ ለተዋሕዶው ማኅበር ግን ያን ጊዜ ተከፈተ።

ዛሬ አንድ ቁምስና ሊዘጋ ነው ሲባል አብዛኛው ክርክር የሚያጠነጥነው በሕንጻው ላይ ነው፤ ማን ይገዛዋል፣ ወደ ምን ይለወጣል፣ ቅርስነቱስ እንዴት ይጠበቃል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም አዘዞ እንደሚያሳየው ድንጋይ ሰው አይመርጥም፤ የሚያገለግለው የቀረበውን ማኅበር ነው። ሕንጻውን ማዳን ማኅበሩን ከማዳን ጋር አንድ አይደለም።

ቁስቋም፦ የተቃጠለው ያልተዘጋው

አሁን ወደ ቁስቋም እንውጣ። እቴጌ ምንትዋብ በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሡ አብረው ዘውድ ጫኑ፤ ከዚያም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። ስሙ የመጣው ቅድስት ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ከተቀመጠችበት ከግብጹ የቁስቋም ተራራ ነው፤ በዓሉም ከጽጌ ጾም ፍጻሜ ማግስት ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ስደተኞች የተጠለሉበት ቦታ ስም ለንግሥት ደብር መሰጠቱ፣ ኋላ በደብሩ ላይ ከደረሰው አንጻር ሲታይ፣ ትርጉሙ የጠለቀ ነው።

ቁስቋምም በመጀመሪያ በአንድ ደጋፊ ላይ ቆሞ ነበር። እቴጌይቱ ለካህናቱ ሰፊ የጉልት መሬት ሰጡ። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ እንደነበር እናውቃለን፤ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ2000 ያሳተመው ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የሚያወሳ ታላቅ ሥራ በእነዚህ ሰነዶች ላይ የተመሠረተ ነው። ሰነዶቹ የሚያሳዩን ደብር የጸሎት ቤት ብቻ እንዳልነበረ ነው፤ የመሬት ባለቤት፣ የውል መዝጋቢ፣ የምስክር ቤትና የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነበር።

ከዚያም ምሰሶዎቹ ተራ በተራ ወደቁ። ምንትዋብ በ1773 ዐረፉ፤ የዘመነ መሳፍንት ሽኩቻ ቤተ መንግሥቱን ባዶ አደረገው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት ብራናዎች ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላም ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በጥር ወር 1888 የማህዲስቶቹ ጦር፣ በተለምዶ ደርቡሽ የምንለው፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል ነሥቶ ጎንደር ሲገባ ቁስቋምን ጨምሮ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ዛሬ በግቢው ውስጥ የምናየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ጥፋት በኋላ የተሠራ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ግንብ ግን ፍርስራሽ ሆኖ ቀርቷል። በመጨረሻም የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የቤተ ክርስቲያንን የመሬት ገቢ በአንድ ቀን አቋረጠው።

ንግሥቲቱ የለችም፤ ብራናው ተወስዷል፤ ሕንጻው ተቃጥሏል፤ ጉልቱ ቀርቷል። በኢየሱሳውያኑ ላይ ከደረሰው ይህ ይከፋል። ቁስቋም ግን አልተዘጋም። ለምን?

የመጀመሪያው ምክንያት አገልግሎቱ በሰው ውስጥ እንጂ በዕቃ ውስጥ ያልነበረ መሆኑ ነው። ዜማው፣ አቋቋሙ፣ ቅኔው በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል በቃል የሚተላለፍ ነው። በዚያው በ1880 ዓ.ም. ጥፋት ከተማዋ ስትነድ ደብተራው ሲሸሽ ትምህርቱን ይዞ ይሸሻል፤ ሲመለስም ይዞት ይመለሳል። ጎንደር በዓታ እስከ ዛሬ የአቋቋም ምስክር ቤት ሆና መቆየቷ የዚህ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ማንነት በታቦቱ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ግንቡ ቢፈርስ ታቦቱ በዳስ ሊያድር፣ በጎረቤት ደብር ሊጠለል ይችላል፤ ደብሩም በታቦቱ ስም መጠራቱን ይቀጥላል። ሦስተኛው ምክንያት ደጋፊው መለወጥ መቻሉ ነው። ከመሬት አዋጁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቃለ ዐዋዲ የተባለውን ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ካህናትንና ምእመናንን በአንድ ሰበካ ጉባኤ ሰብስቦ አጥቢያው በአባላቱ መዋጮ እንዲተዳደር አደረገ። ጉልቱ ሲቀር ቤተ ክርስቲያኒቱ ባዶ እጅዋን አልነበረችም፤ ንግሥት ስትሸከመው የነበረውን ሸክም በሺህ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦች ተካፈሉት።

በተመሳሳይ መንገድ የተረፈ ካቶሊካዊ ማኅበር

እስካሁን ያልሁት «ካቶሊካዊው ተዘጋ፣ ኦርቶዶክሳዊው ቆየ» የሚል ፍርድ ከመሰለ ስሕተት ይሆናል። ልዩነቱ የሃይማኖት ሳይሆን የሥር ነው፤ ይህንንም የካቶሊኩ ታሪክ ራሱ ያረጋግጠዋል።

ቁስቋም በክብሯ ላይ ሳለች፣ በ1752፣ የፍራንቸስካውያኑ ማኅበር አባል ሬሜዲየስ ፕሩትኪ ከጓደኞቹ ጋር ጎንደር ገብቶ በዳግማዊ ኢያሱ ፊት ቀርቦ ነበር። ንጉሡ ቢቀበሉትም ተቃውሞ ስለ በረታ በወራት ውስጥ አገሩን ለቀቀ። ዳግመኛ በአንድ ንጉሥ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ነበርና ዳግመኛ ተቋረጠ።

በ1839 የመጣው የላዛሪስት ማኅበር አባል ዩስጢኖስ ዴ ያኮቢስ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የአገሬውን ልብስ ለበሰ፤ የግእዝን ሥርዓት አከበረ፤ ከሁሉም በላይ ኢትዮጵያውያን ካህናትን አፈራ። ከእነዚህ አንዱ በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ የታወቁት ጎጃሜው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ክህነት ተቀበሉ፤ በ1855 በእስር እየተንገላቱ ዐረፉ። በ1926 ብፁዕ ተብለዋል። በዚህ መንገድ የተተከለው ማኅበር ቤተ መንግሥትም ግንብም አልነበረውም፤ ይሰደድ፣ ይታሰር፣ ይበተን ነበር። ግን አልጠፋም፤ ቄሱም ቅዳሴውም ቋንቋውም የአገሬው ነበርና። የዛሬዋ የግእዝ ሥርዓት ተከታይ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ሥሯ ከዚያ ይነሣል።

ታሪኩ በሃያኛው መቶ ዓመት እንደገና ተፈተነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ በጎንደር ስም የሚጠራ ሐዋርያዊ አስተዳደር ተቋቁሞ ለኮምቦኒ ሚስዮናውያን ተሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1941፣ የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽጉን በጎንደር አስረከበ። ከወራሪው ጋር የመጣው የአስተዳደር መዋቅር ወራሪው ከሄደ በኋላ ሊዘልቅ አልቻለም። በአንጻሩ በ2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የባሕር ዳር–ደሴን ሀገረ ስብከት ሲያቋቁሙ፣ ሀገረ ስብከቱ የግእዝ ሥርዓት የሚከተል፣ በኢትዮጵያዊ ጳጳስ የሚመራ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች ከሮም የወጡ ናቸው፤ የቆሙበት መሬት ግን ለየቅል ነው።

መዘጋት ሲታሰብ ምን እንጠይቅ?

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ጥያቄ ምን እናወጣለን? አንድ አነስተኛ ቁምስና ይዘጋ ወይ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ ቁጥር ነው፤ ስንት ሰው ያስቀድሳል፣ ጣሪያውን ለማደስ ስንት ብር ያስፈልጋል፣ ስንት ካህን አለ። ቁጥር ግን የዛሬውን ይነግረናል እንጂ ሥሩን አያሳየንም። በ1630 የአዘዞው ቤተ ክርስቲያን በቁጥር ቢለካ የበለጸገ ነበር፤ በ1888 ማግስት ቁስቋም በቁጥር ብትለካ አመድ ነበረች።

ስለዚህ ከቁጥሩ ቀድመው የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ቁምስናው አገልጋዩን ከራሱ ልጆች ያፈራል ወይስ ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ እስኪላክለት ይጠብቃል? ወጪው በብዙ ትከሻ ላይ ነው ወይስ በአንድ ለጋሽ እጅ? ሕንጻው ቢታጣ ሰዎቹ በሌላ ጣሪያ ሥር፣ በሰው ቤት እንኳ ቢሆን፣ ይሰበሰባሉ ወይ? ለሦስቱም መልሱ «አይደለም» ከሆነ ሕንጻውን ክፍት ማድረግ መዘጋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ ውሳኔ ሰጪው ሊቸኩል አይገባም።

ይህ ትዕግሥት ለምን እንደሚያስፈልግ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የቦስተን ሊቀ ጳጳሳት መንበር በ2004 በርካታ ቁምስናዎችን ለመዝጋት ሲወስን፣ በሲቹዌት ከተማ የነበሩ የአንድ ቁምስና ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን ለቀው አልወጡም። በፈረቃ ቀንና ሌሊት እየጠበቁ፣ ለሮምም ለአገራቸው ፍርድ ቤትም አቤት እያሉ፣ እስከ 2016 ከ11 ዓመታት በላይ ቆዩ። በመጨረሻ ክርክሩን ተሸንፈው ሕንጻውን ለቀቁ። ሕንጻው ለእነርሱ ተዘጋ፤ ይሁን እንጂ እንዲዘጋ የተወሰነበት ቦታ በፈረቃ የሚጠብቀው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ አላጣም። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይህን ሊተነብይ አልቻለም።

በተቃራኒው በኩልም መታወር የለብንም። ቁስቋም ዛሬ በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢና የጎንደር አካባቢ ቅርስ አካል ናት። ይህ ክብር ፍርስራሹን ከመጥፋት ሊያድን ይችላል። ነገር ግን ቅርስነት በራሱ ማኅበር አያቆምም። ጎብኚ የሚመጣበት፣ ኪዳን የማይደርስበት ቦታ ሙዚየም ይሆናል፤ ቅዳሴው በማይቋረጥበት ቦታ ግን ፍርስራሹ እንኳ የአንድ ሕያው ደብር አጥር ሆኖ ያገለግላል። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲጎርፍ፣ የአብነት ተማሪው ሲያንስ፣ ይህ ጥያቄ የካቶሊኩን ቁምስና ብቻ ሳይሆን የደጋውን ገጠር አጥቢያዎች ሁሉ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

እንግዲህ የጎንደር ታሪክ ለጥያቄያችን የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። በር በአዋጅ ይዘጋል፤ ግንብ በእሳት ይፈርሳል፤ መሬት በሕግ ይወሰዳል። እነዚህ ሁሉ በቁስቋም ላይ ደርሰዋል፤ ኅዳር 6 ቀን ግን ማኅሌቱ ዛሬም ይቆማል። አንድ ቁምስና ወይም ደብር በእውነት የሚዘጋው የሚቀጥለውን ካህን፣ የሚቀጥለውን ዘማሪ፣ የሚቀጥለውን አዋጪ ማፍራት ባቆመበት ቀን ነው። ያ ቀን አንዳንድ ጊዜ በሩ ከመቆለፉ ከብዙ ዓመታት በፊት ይመጣል። ስለ መዘጋት የምናጠና ሰዎች ቀኑን መፈለግ ያለብን በዚያ ነው።